የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዘጠኝ ጀሪካን እና አንድ ሃይላንድ

የባዮሎጂ ክበባችን ዘንድሮ የሠራው በአንድ የአካል ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ በኩላሊት። «ዓመቱን ሙሉ ኩላሊት?» ያሉን ባልደረቦች አሉ። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ክበብ የጥናት ሰዓት ይሻማል» የሚል አስተያየትም ተሰምቷል። ይህን ዘገባ ስጽፍ ሁለቱንም አስቤ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በምዝገባ፣ በኮሚቴ ምርጫና በሐሙስ ከሰዓት ውይይቶች አለፈ። ለማስታወቂያ ሰሌዳው ሥዕሎች ተዘጋጁ፤ በሚኒ ሚዲያም ጥያቄና መልስ ቀረበ።

ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያየው ግን የጀሪካኖቹን ትርዒት ነው። አባሎቻችን ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ባለ 20 ሊትር ዘጠኝ ቢጫ ጀሪካኖች ደረደሩ። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በአንድ ቀን ከደም የሚያጣሩት ፈሳሽ ይህን ያህል፣ ማለትም 180 ሊትር ገደማ ነው። የደማችን ፈሳሽ ክፍል ሦስት ሊትር ያህል ብቻ በመሆኑ ያው ፈሳሽ በቀን 60 ጊዜ ያህል ይጣራል ማለት ነው። ከዚያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሃይላንድ ከፍ አድርጋ አሳየች፤ በሽንት የሚወጣው አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ነውና። «የቀረውስ?» ብላ ሰልፉን ጠየቀች። መልሱንም ራሷ ሰጠች፦ «እናቴ ለበዓል ቤት ስታጸዳ ዕቃውን ሁሉ ግቢ ታወጣለች፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጣ ታስገባለች። ኩላሊትም እንደዚሁ ነው።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ለመስጠት አልሞከርኩም።

እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የተባሉ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። በኔፍሮኑ ራስ ላይ በተቋጠሩት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ውሃውን፣ ጨውን፣ ስኳሩንና ዩሪያ የተባለውን የሰውነት ቆሻሻ ወደ ኔፍሮኑ ቱቦ ይገፋል፤ የደም ሕዋሳትና ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን እዚያው ደም ውስጥ ይቀራሉ። የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ከውሃው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን፣ በጤነኛ ሰው ደግሞ ስኳሩን በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ወደ ደም ይመልሳል። የመጨረሻው ውሳኔ ከአንጎል በሚመጣ ኤዲኤች በተባለ ሆርሞን እጅ ነው። ውሃ ሲጠማን ሆርሞኑ ይበዛል፣ በቱቦው መጨረሻ ያሉት የውሃ መተላለፊያዎች ይጨምራሉ፣ ሽንታችንም አንሶ ይጠቁራል። እነዚህን መተላለፊያዎች ያገኘው ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ከፋሲካ በኋላ ተማሪዎች ከየቤታቸው የበግ ኩላሊት አመጡ። የበሬው ክፍልፋይ የበዛበት ሲሆን የበጉ ለስላሳና የባቄላ ቅርጽ ያለው በመሆኑ ከሰው ኩላሊት ጋር ይቀራረባል። የቀደድነው በጢም ምላጭ ነው፤ የመቅደጃ መሣሪያ የለንምና። ካሉን ማይክሮስኮፖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። የቤተ ሙከራው ቧንቧ ደርቆ ስለከረመ ልጆቹ እጃቸውን የታጠቡት ከግቢው ሮቶ በባልዲ ባመጡት ውሃ ነው። ይህ ሁሉ እያለ «ተማሪዎቻችን ተግባራዊ ትምህርት አያውቁም» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

የዓመቱን ድካም ሁሉ ያስረሳኝ ግን ወደ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል ያደረግነው ጉብኝት ነው። አንዲት ሲስተር ታካሚ ባልነበረበት ማሽን ላይ አስረዳችን። አንድ እጥበት አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ በእያንዳንዱም 120 ሊትር ገደማ በልዩ ሁኔታ የተጣራ ውሃ ያልፋል። ሁሉም ይጽፋሉ። በክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼ የማላውቀው ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ ማሽኑ ውሃውን መልሶ የሚያስገባው በየት በኩል ነው?»

ሲስተሯ ወደ እሱ ዞረች። «አይመልስም፣ የኔ ልጅ። ትርፉን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ምን ያህል እንደሚወስድ የምናሰላለትም እኛ ነን። ለዚህ ነው ታካሚዎቻችን እስከሚቀጥለው እጥበት የሚጠጡትን ውሃ እየለኩ የሚጠጡት።»

ልጁ ቀና ብሎ ማሽኑን ሲያይ ቆየ። «ኩላሊት ግን ማንም ሳያሰላለት ያውቃል» አለ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ኩላሊት የተነጋገርነው ተማሪ እንዲህ እንዲጠይቅና እንዲህ እንዲያስብ ነው። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፉ አላገኘውም፤ በጀሪካኖቹና በምላጩ በኩል የመጣ ነው። በቀጣዩ ሐሙስ አባላቱ ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲወያዩ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ሥራ ለምን እንዲህ ትልቅ ዜና እንደነበረ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በዓመቱ መጨረሻ የሞዴል ፈተና ሲቃረብ የአባላት ቁጥር ቀነሰ። ለማይክሮስኮፕ ስላይዶች የጻፍነው የድጋፍ ደብዳቤም መልስ አላገኘም። የጉብኝቱን የመኪና ወጪ የሸፈኑት ተማሪዎቹ ራሳቸው ባዋጡት ገንዘብና የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት በጨመረበት ነው፤ ኅብረቱን እናመሰግናለን።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ማይክሮስኮፕ፣ የመቅደጃ መሣሪያዎች፣ የእጅ ጓንት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ወደ ቤተ ሙከራው የሚገባ የውሃ መስመር ነው። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች አንድ ሐሙስ ከሰዓት ብትሰጡን ከገንዘብ አናሳንሰውም። ድጋፉን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በደረሰኝ እንቀበላለን። አዲስ አባላት በመስከረም ይመዘገባሉ፤ የዓመቱን ርዕስ ደግሞ አባላቱ ሳንባ እንዲሆን መርጠዋል።