ውሃ የሚጎትተው ባቡር

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም ጋብ ብሎልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ስዊዘርላንድ ከብሪየንዝ ሐይቅ ዳር ወደ ጊስባኽ ፏፏቴ በሚያወጣው አሮጌ ባቡር ተሳፍሬ፣ እርስዎ አጠገቤ ባለመኖርዎ እየቆጨኝ ስለተመለስኩ ይህን ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፤ ኋላ የአፄ ምኒልክ አማካሪ ሆኖ ከጅቡቲ ለተዘረጋው ባቡር ፈቃድ ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር በደረሰበት ዓመት ማለት ነው። ርዝመቱ 345 ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ድሬዳዋ ተቀምጠው ዕድሜዎን ሙሉ ባገለገሉት መስመር ዘንድ እንደ ባቡር አይቆጠር ይሆናል። ሆኖም አሠራሩን ቢያዩት ቀኑን ሙሉ ከዚያ የሚነቀሉ አይመስለኝም።

ሁለት ፉርጎዎች በአንድ የብረት ገመድ ጫፍና ጫፍ ታስረዋል፤ ገመዱም ተራራው ላይ ባለ መዘውር ይዞራል። በመጀመሪያ ሲሠራ ሞተር አልነበረውም። ላይ የቆመው ፉርጎ ከሥሩ ያለው ታንከር በውሃ ይሞላና፣ ክብደቱ ቁልቁል ሲወስደው ከታች ያለውን ከነመንገደኞቹ ሽቅብ ይስበው ነበር፤ ታች ሲደርስ ውሃውን ያፈስስ፣ ላይ የደረሰው ደግሞ በተራው ይሞላ ነበር። ሐዲዱም አንድ ሆኖ መሐል ላይ ብቻ ለሁለት ስለሚከፈል፣ ሮማን አብት የተባለው መሐንዲስ ባቀደው መሠረት ፉርጎዎቹ ያለ መስመር ቀያሪ ሰው ይተላለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ውሃው ተርባይን እንዲያዞር ተደረገ፤ በ1948 ኤሌክትሪክ ተተካ።

ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ግን ፍሬኑ ነው። ያን ጊዜ በሐዲዱ መካከል የተዘረጋው ባለ ጥርስ ብረት ፉርጎውን ለመሳብ ሳይሆን ለመያዝ የተሠራ ነበር። ልጅ ሳለሁ «ባቡር ማስወጣት የሞተር ሥራ ነው፤ ማውረድ ግን የሰው ሥራ ነው» ይሉኝ የነበረውን፣ እጅዎ ለምን ሁልጊዜ በፍሬን ብረት ጠባሳ ተሞልቶ እንደኖረም፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ ቁጭ ብዬ ተረዳሁት።

ፏፏቴው እንደ ጢስ ዓባይ በአንድ ጊዜ አይወረወርም፤ በጫካ መካከል 14 ደረጃዎችን እየዘለለ ሐይቁ ድረስ ይወርዳል። ከላይኛው ጣቢያ ጥቂት ቢራመዱ ያዩታልና ጉልበትዎን ብዙ አያስቸግርም። የመጋበዣ ወረቀቱን በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።

እስከዚያው አንድ ያልገባኝን ነገር ይንገሩኝ፤ ላይ ያለው ሠራተኛ ታች ስንት ሰው እንደተሳፈረ ሳያውቅ ውሃውን አብዝቶ ቢሞላ፣ ፍሬን ያዡ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? እሑድ ስደውል መልስዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ