ሴንሰር አስቀይራችሁ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ለተቸገራችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «ሴንሰሩ ተበላሽቷል ተብዬ አስቀየርኩ። አሁን ደግሞ መብራት ላይ ስቆም መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች። አዲሱም ተበላሽቶ ይሆን?» ተረጋግታችሁ እንድታነቡት መልሱን ጽፈነዋል።

ከሁሉ በፊት የምንለምናችሁ ሁለተኛ ሴንሰር ለመግዛት እንዳትቸኩሉ ነው። ይህን የምንለው እኛም ተሳስተን ስለምናውቅ ነው። አንድ ደንበኛችን ኮሮላቸው ላይ ኤርፍሎ፣ ማለትም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካውን ሴንሰር፣ ቀየርንላቸው። በማግስቱ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋችባቸው። አዲሱን ሴንሰር ጠረጠርንና ሌላ ገጠምን። ያው ነው። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደውን ጥቁር የጎማ ቱቦ ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥሩ፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አለች። ከላይ ሲያዩት ምንም የለው። ለጠጥ ሲያደርጉት ግን አፉን ይከፍታል። ሴንሰሩን ስንቀይር ያን ያረጀ ጎማ የጎተትነው እኛው ነን። ቱቦውን በራሳችን ወጪ ቀየርን፣ የሁለተኛውን ሴንሰር ብር መለስን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርፍሎ የሚለካው በእሱ በኩል ያለፈውን አየር ብቻ ነው። በስንጥቅ የገባውን አያየውም። ስለዚህ የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚያዘው ቤንዚን ያንሳል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ በብዙ መኪና በደቂቃ ከ650 እስከ 800 ዙር ባለው፣ የሚስበው አየር ትንሽ ነው። ትንሿ ስንጥቅ ያኔ ትልቅ ጉዳት ታደርሳለች። ነዳጅ ሲረገጥ ግን የሚገባው አየር ስለሚበዛ ስንጥቋ እዚህ ግባ አትባልም። መንገድ ላይ ደህና ሄዳ ስትቆም ብቻ የምትንቀጠቀጥ መኪና ስትመጣ መጀመሪያ ቱቦ የምናየው ለዚህ ነው። በመመርመሪያ ማሽን ደግሞ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለማካካስ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ እናነባለን። በሚኒሞ ብዙ ጨምሮ 2,500 ዙር ላይ ወደ ልኩ ከተመለሰ፣ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። በ2,500ም ካልወረደ ወደ ቤንዚን ፓምፑ ወይም ወደ ራሱ ኤርፍሎ እንሄዳለን።

ሁለተኛው ምክንያት ባትሪ ነው። ሴንሰር ሲቀየር ባትሪ ይነቀላል። በብዙ መኪና ኮምፒውተሩ ለወራት የተማረው ያኔ ይጠፋል። የአየር በሩ፣ ማለትም ነዳጅ ሲረገጥ ተከፍቶ አየር ወደ ሞተር የሚያስገባው፣ ጥላሸት ይዞ ከነበረ፣ ኮምፒውተሩ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጎ መያዝ ለምዶ ነበር። ትምህርቱ ሲጠፋ በሩን እንደ አዲስ ዕቃ ያየዋል። አየር ያንሳል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ይህ የሴንሰሩ ጥፋት አይደለም። በሩ ይጸዳል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ኤሲ ሳይበራ በሚኒሞ እንዲሠራ ይተዋል፣ ከዚያ ይነዳል። ሚኒሞውን በማሽን ማስተማር የሚፈልጉ መኪኖችም አሉ።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሊያሳስት የሚችል አንድ ነገር አለ። ስለሱ ብዙ ሲነገር አንሰማም። የሞተሩን የአየር ግፊት የሚያነበው ሴንሰር ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፣ የውጭውን አየር ግፊት ያሳያል። ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ ትክክለኛው ቁጥር 76 ወይም 77 ነው። 76 ያየ መካኒክ «ዝቅ ብሏል፣ አዲሱም አይሠራም» ብሎ ጤነኛ ሴንሰር ሊያስጥላችሁ ይችላል። በተቃራኒው እዚህ ሰንጋተራ ቆሞ 100 የሚያሳይ ሴንሰር ውሸታም ነው። ሶኬቱ ልክ ስለገባ ብቻ ዕቃው ለእናንተ መኪና የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩት።

የሙቀት ሴንሰር ካስቀየራችሁ ደግሞ የራዲያተር ውሃው መሞላቱንና አየሩ መውጣቱን ጠይቁ። አየር ከቀረ ሴንሰሩ ሙቀቱን በትክክል ላያነብ ይችላል።

ስትመጡ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አሮጌውን ሴንሰር አትጣሉ፣ ይዛችሁት ኑ። ቼክ ኢንጅን መብራቱን ማንም እንዳያጠፋባችሁ፤ ኮምፒውተሩ የያዘው የስህተት ኮድ ሲጠፋ፣ ስህተቱ ሲፈጠር ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር የተመዘገበውም አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን አትንዷት፣ ደውሉልን። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ ነው ማለት ነው፣ እዚያ ያለውን ማጣሪያ አቃጥሎ ከሴንሰሩ ብዙ እጥፍ ያስወጣችኋል።

እኛ ጋ ሴንሰር ያስቀየራችሁ በሙሉ ድጋሚ ምርመራው ያለ ክፍያ ነው። ሌላ ቦታ ላስቀየራችሁም ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑ የሚያሳየውን ቁጥሮች አብረን እናያለን። ከተቻለ መኪናዋ አድራ በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አምጧት። የቀዘቀዘ ጎማ ስንጥቁን ቶሎ ያሳያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና መካኒኮች
ሰንጋተራ፣ አዲስ አበባ