ለሕግ ተማሪ ዕድሉ ሲነገር ቅድመ ሁኔታውም ይነገር

ለአዘጋጁ፦

በውጭ አገር የሚሰጡ ነፃ የትምህርት ዕድሎችን እየሰበሰባችሁ ማውጣታችሁ ተማሪዎቼን ጠቅሟል፤ የእኔንም የድጋፍ ደብዳቤ የመጻፍ ሥራ አብዝቶታል። ቅር የሚለኝ ለሕግ ተማሪ የሚወጣው ማስታወቂያ ለምህንድስና ተማሪ ከሚወጣው በምንም አለመለየቱ ነው። የድልድይ ስሌት ድንበር ሲሻገር አይለወጥም፤ የውል ሕግ ግን ይለወጣል። ስለዚህ የሕግ ተማሪ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ይህ ዲግሪ የት አገር ምን ያሠራኛል?» ብሎ ነው። ማስታወቂያዎቹ ስለዚህ ትንፍሽ አይሉም።

ኒውዮርክን ልጥቀስ። በሌላ አገር ሕግ የተማረ ሰው አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ባለው የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ የ24 ክሬዲት ኤልኤልኤም (የሕግ ሁለተኛ ዲግሪ) ከጨረሰና ሌሎቹን መመዘኛዎች ካሟላ የግዛቷን የጥብቅና ፈተና መፈተን ይችላል። እስከዚህ ድረስ ብዙዎች ሰምተዋል። ያልሰሙት የክሬዲቱ ግማሽ በደንቡ የተወሰነ መሆኑን ነው፤ የሙያ ሥነ ምግባር፣ የሕግ ምርምርና ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ሕግ መግቢያ፣ እንዲሁም በፈተናው የሚካተቱ የትምህርት ዓይነቶች የግድ መወሰድ አለባቸው። ዓመቱን በሙሉ በሰብዓዊ መብት ኮርሶች የሞላ ተማሪ ብዙ ዕውቀት ይሸምት ይሆናል፤ ፈተናው ላይ ግን አይቀመጥም። የእንግሊዝ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተጀመረው አሠራር ሶሊሲተር የተባለው የሕግ ባለሙያ ለመሆን መንገዱ ኤስኪውኢ የተባለው ፈተና ስለሆነ የለንደን ኤልኤልኤም ለዚያ የግድም አይደለም፣ ብቻውንም አይበቃም። ጀርመን ለውጭ ምሩቃን የምትሰጠው ኤልኤልኤምም የአገሪቱ ጠበቆች የሚያልፉባቸውን ሁለት የመንግሥት ፈተናዎች አይተካም።

በእርግጥ ተመልሶ ለማስተማር ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት ለመሥራት ላሰበ ሰው ይህ ሁሉ ላያሳስበው ይችላል። ብቻ አውቆ ይሂድ።

ገንዘቡም ቅድመ ሁኔታ አለው። ቼቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ ማለትም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ ማመልከቻውን ሲሞላ ቢያድር ትርፉ ድካም ነው። ትምህርቱ ሲያልቅም አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። በአሜሪካው ፉልብራይት ስኮላርሺፕ የሚሄዱ ተማሪዎችም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ግዴታ አለባቸው። እኔ ግዴታው ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ሰው ከፈረመ በኋላ ሊሰማው አይገባም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ገጻችሁ በሁለተኛ ዲግሪ ብቻ መሞላቱ ነው። ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ለሚማር ልጅ አጫጭሮቹ ዕድሎች ይበልጡበታል። እ.ኤ.አ. በ1923 የተመሠረተው የሄግ የዓለም አቀፍ ሕግ አካዳሚ በየበጋው ሦስት ሳምንት በመንግሥታት መካከል ስላለው ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ ስለ ግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ (ድንበር ተሻጋሪ የግል ጉዳዮች በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኙ ስለሚወስነው) ያስተምራል፤ ስኮላርሺፕም ይሰጣል። ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው የሚከራከሩባቸው የምስለ ችሎት ውድድሮችም አሉ። በ1960 የተጀመረው ጄሰፕ በሁለት ምናባዊ አገሮች መካከል የተነሳ ክርክር በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፊት እንደቀረበ አድርጎ ያከራክራል፤ የመጨረሻው ዙር ዋሽንግተን ላይ ነው። የቪየናው ቪስ ደግሞ በንግድ ግልግል ላይ ያተኮረ ሲሆን ቡድኑ መጀመሪያ ለከሳሹ፣ ቀጥሎ ለተከሳሹ ይጽፋል። ትናንት ራሱ ያቆመውን ክርክር ዛሬ እንዲያፈርስ የተገደደ ተማሪ በሁለት ሴሚስተር ንግግር የማልሰጠውን ትምህርት ያገኛል። ይህ ደግሞ የሚገኘው በዝግጅቱ ወራት ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ያልወጣ ቡድንም አይቀርበትም። እንዲህ ላለው ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ስጽፍ ቃላት ፍለጋ አልቸገርም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ዝርዝር ስታወጡ ከእያንዳንዱ ዕድል ጎን ለየትኛው አገር የጥብቅና ፈቃድ እንደሚያበቃ ወይም እንደማያበቃ፣ የሥራ ልምድና የመመለስ ግዴታ እንዳለው አንድ ሁለት መስመር ጨምሩ። የምስለ ችሎት ምዝገባዎችንም ቀናቸው ሳያልፍ አውጡልን። ቦታ ከተረፈ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ተማሪ በመዝጊያው ቀን ዋዜማ ማታ መምህሩ ጋ እንዳይደውል አሳስቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕግ መምህር