የፖርቶ ሪኮ ሕዝበ ውሳኔ በመቶኛ ብቻ አይነበብም

ለተከበረው የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ፖርቶ ሪኮ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። በ2024 ሕዝበ ውሳኔ (ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከ58 በመቶ በላይ ድምፅ ደሴቲቱ 51ኛዋ የአሜሪካ ግዛት እንድትሆን መሰጠቱን ጠቅሳችሁ፣ የሕዝቡ ፍላጎት ከእንግዲህ እንደለየለት ጽፋችኋል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። ደሴቲቱን ለዓመታት ሲያወዛግብ የኖረው ከውጤቱ ይልቅ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ምን ይስፈር፣ ምንስ ይቅር የሚለው ነውና።

ፖርቶ ሪኮ በ1898 ከስፔን ወደ አሜሪካ ተላለፈች፤ ሕዝቧ በ1917 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በ1952 ደግሞ የራሷ ሕገ መንግሥት ኖራት። ነዋሪዎቿ ግን ፕሬዚዳንት አይመርጡም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያላቸው ወኪልም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ይህ ዋሽንግተን ዲሲ የከተሙት ወገኖቻችን በከፊል የሚያውቁት ነገር ነው፤ የእነሱም ወኪል እንዲሁ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ፕሬዚዳንት ግን ይመርጣሉ፤ ዜግነት ያገኘ አንድ ኢትዮጵያዊ ከዲሲ ወደ ፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ሳን ሁዋን ኑሮውን ቢያዛውር ያንኑም ያጣል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በ1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አሁን ያለው ራስ ገዝነት 60 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱት ስድስቱም የተጠሩት ግዛት መሆንን የሚደግፈው ፓርቲ የገዥነቱን ሥልጣን በያዘበት ጊዜ ነው። በ1998 የራስ ገዝነት ደጋፊዎች አማራጫቸው የተገለጸበትን መንገድ ስላልተቀበሉት “ከተዘረዘሩት አንዱንም አልመርጥም” የሚለው ከ50 በመቶ በላይ አገኘ። የ2012ቱ ወረቀት ይበልጥ ያስተምራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ደሴቲቱ ባለችበት ትቀጥል ወይ የሚል ሲሆን 54 በመቶው አይሆንም አለ። ሁለተኛው፣ ለመጀመሪያው የተሰጠው መልስ ምንም ይሁን ምን፣ ከሦስት አማራጮች አንዱን አስመረጠ፤ ግዛት መሆን 61 በመቶ አገኘ ተባለ። ይሁንና ግማሽ ሚሊዮን ገደማ መራጭ ይህንን ክፍል ባዶውን መልሶታል፤ እነዚህ ሲደመሩ 61ዱ ከ45 በመቶ በታች ይወርዳል። በ2017 ደግሞ 97 በመቶ ተመዘገበ፤ ተቃዋሚዎች ስለቀሩ ድምፅ የሰጠው ግን 23 በመቶው ብቻ ነበር። እናንተ የጠቀሳችሁት የ2024ቱ ወረቀትም አሁን ያለውን ይዞታ እንደ አማራጭ አላቀረበም።

ግዛት መሆንን የሚሻው ወገን ትንሽ ነው እያልሁ አይደለም፤ ትልቅ ነው። ቅሬታውም እውነተኛ ነው፤ በ2016 ኮንግረስ ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ለተቆለለባት ደሴት ሰባት አባላት ያሉት የፋይናንስ ቦርድ በሕግ አቋቁሞ፣ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት የሚያወጣውን በጀት በእሱ ፈቃድ ሥር ሲያደርገው የደሴቲቱን ሕዝብ ይሁንታ አልጠየቀም።

ከእነዚህ ሕዝበ ውሳኔዎች አንዱም ኮንግረስን አያስገድድም። አስገዳጅ እንዲሆን የታሰበው ረቂቅ ሕግ በታኅሣሥ 2022 በተወካዮች ምክር ቤት 233 ለ191 አልፎ ሴኔት ዘንድ ቀረ፤ እሱም ቢሆን ነጻነትን፣ በስምምነት የተሳሰረ ሉዓላዊነትንና ግዛት መሆንን ብቻ እንጂ ነባሩን ይዞታ አላካተተም። ስለዚህ ወደፊት ስትዘግቡ ከመቶኛው ጎን የትኞቹ አማራጮች እንደቀረቡና ስንት ወረቀት ባዶውን እንደተመለሰ እንድትጨምሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ