ከሰሉን ድንኳን ውስጥ አታስገቡ
ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሜን ተራሮች፣ ሳንቃበር ላይ ድንኳን ተክለን ልናድር ስንል አንዱ ጓደኛችን ቡና የተፈላበትን ከሰል ከነምድጃው ይዞ ሊገባ ሲል ተጣላን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ አልፈርድበትም። «ጭሱ እኮ አልቋል» አለ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው! ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ አመድ የለበሰ ፍም ራሱ ያወጣዋል፣ ደም ውስጥ ገብቶም ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ዚፑን ገርበብ ማድረግም አያድንም። ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ደግሞ ከፍታው ያመጣው ይመስላል፣ እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። ድንኳን የሚያከራዩ ሰዎች አንድ ብርድ ልብስ ጨምረው ይህንን ቢናገሩ ምን ነበረበት? እኛ በመጨረሻ ውሃ አፍልተን፣ በኮዳ ሞልተን፣ እሱን አቅፈን ተኛን።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር