«ከ10 ስንት ያምዎታል?» ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የታካሚን ሕመም ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር መመዝገብ የነርሶች የዘወትር ሥራ ነው። የሚያሳስበን ቁጥሩ የሚወሰድበት አኳኋን ነው። ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በጀርባው እንደተኛ ሲጠየቅ «2» ይላል፤ ቻርቱም ላይ 2 ይሰፍራል። ቀና ብሎ በረጅሙ እንዲተነፍስና እንዲያስል ሲደረግ ግን ያው ሰው «8» ሊል ይችላል። ስለሚያመው አያስልም፤ ስለማያስል አክታው ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምችም በዚሁ በኩል ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ይያዝ፤ አንዱ በዕረፍት፣ ሌላው በእንቅስቃሴ።

ከዚህ የባሰው ጉድለት ማስታገሻ ከሰጡ በኋላ ተመልሶ አለማየት ነው። በደም ሥር የተሰጠ ሞርፊን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በአፍ የተሰጠ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ውጤቱ ይታይ። ያን ጊዜ ሕመሙን ብቻ ጠይቆ መሄድ አይገባም፤ ትንፋሹ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠር፣ ንቃቱም ይታይ። ሞርፊን ትንፋሽን ከመቀነሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ድብታ ይቀድማል። እያወራ መሐል ላይ እንቅልፍ የሚጥለው ታካሚ «አሁንም 7 ነው» ቢልም ቀጣዩ ሞርፊን ቆሞ ሐኪም ይጠራ።

«ሲያስፈልግ ይሰጥ» የሚለው ትእዛዝም ብዙ ጊዜ «ሲጮህ ይሰጥ» ተብሎ ይተረጎማል። ነርስ ላለማስቸገር ጥርሱን ነክሶ የሚያድር ታካሚ ብዙ ነው፤ ሄዶ መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው። ፓራሲታሞል የታዘዘለት አዋቂ ጉበቱ ጤነኛ፣ ክብደቱም ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ሳይቋረጥ ቢወስድ የሚያስፈልገው ሞርፊን ይቀንሳል። በ24 ሰዓት ግን ከ4 ግራም እንዳይበልጥ፤ የጉንፋን እንክብሎችም ፓራሲታሞል ስለሚይዙ አብረው ይቆጠሩ። ሞርፊን ለቀናት የሚወስድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሆድ ማለስለሻ ይታዘዝለት፤ ሞርፊን የሚያመጣው የሆድ ድርቀት እንደ ማቅለሽለሹ በቀናት የሚለመድ አይደለም።

የመርሳት ሕመም ጠንቶባቸው መናገር ለተሳናቸው አረጋውያን አተነፋፈስ፣ የሚያሰሙት ድምፅ፣ የፊት ገጽታ፣ የሰውነት ሁኔታና ሲያባብሏቸው መረጋጋታቸው ታይቶ ለእያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 2 የሕመም ነጥብ ይሰጣል። የደም ግፊትና የልብ ምት አለመጨመር «አላመማቸውም» አያሰኝም።

በመጨረሻም፣ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው ማስታገሻ እየወሰደ ሕመሙ ከባሰበትና ጣቶቹን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ሲስቡለት የሚጮህ ከሆነ፣ መድኃኒት ጨምሮ ማስተኛት አደገኛ ነው። በጡንቻው ውስጥ ግፊት እየጨመረ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራ። የእግሩ የደም ሥር ትርታ መኖሩ አያዘናጋ፤ ትርታው እስኪጠፋ ከተጠበቀ ጡንቻው ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
በቀዶ ሕክምና ክፍል የምንሠራ ነርሶች