ኔቶን ለመሞገት የሚቀርበው በር የራስ ፓርላማ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የወታደራዊው ኅብረት የኔቶ መሪዎች በተሰበሰቡ ቁጥር ከአዳራሹ ደጅ ሰልፍ አይጠፋም። ልፋቱን ማቃለላችን አይደለም፤ ግን ሰልፈኛው መፈክሩን ሲያነሳ የጋራ መግለጫው ቃላት በአብዛኛው በልዑካን ድርድር አልቀዋል። ኔቶ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ቆጠራ የለም፤ 32ቱም አባላት ካልተግባቡ ነገሩ ባለበት ይቆያል። በኒውክሌር መሣሪያ ጉዳይ ጀርመን ይህን አይታዋለች። በ2009 የተመሠረተው ጥምር መንግሥት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአገሪቱ ያሉት የአሜሪካ ኒውክሌር ቦምቦች እንዲወጡ እንደሚሠራ በጥምረት ውሉ አሰፈረ። ጉዳዩን ለኅብረቱ ሲያቀርብ ግን መግባባት ታጣ። በ2010 ሊዝበን ላይ የጸደቀው ስትራቴጂያዊ ሰነድ፣ ኒውክሌር በዓለም ላይ እስካለ ድረስ ኔቶም የኒውክሌር ኅብረት ሆኖ እንደሚቀጥል ደነገገ።

ስለዚህ ሲቪል ማኅበራት ከመንግሥታቸው የሚጠይቁት፣ ሌላው አባል ሊያግደው የማይችለውን ቢሆን ይሻላል። እንዲህ ያለው እርምጃ አዲስ አይደለም። ዴንማርክና ኖርዌይ በሰላም ጊዜ ኒውክሌር በምድራቸው እንዳይሰፍር ከልክለዋል። ስፔን በ1986 ሕዝበ ውሳኔ በኔቶ ስትቆይ ኒውክሌር አለማስገባትን ቅድመ ሁኔታ አድርጋለች። በዚህ ሳቢያ ከኅብረቱ የተባረረ የለም።

ከሁሉ የሚያስተምረው የኔዘርላንድ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር 40,000 ፊርማ የሰበሰበ የዜጎች ጥያቄ በፓርላማ አጀንዳነት ሊያዝ ይችላል። ፓክስ የተባለው የሰላም ድርጅት፣ የአገሪቱ ቀይ መስቀልና ኤኤስኤን ባንክ ተባብረው ከ45,000 በላይ አሰባሰቡ፤ ሚያዝያ 2016 ክርክር ተካሄደ። ውጤቱ፦ በ2017 የኒውክሌር መሣሪያን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሲረቀቅ ከኔቶ አባላት በድርድሩ የተቀመጠችው ኔዘርላንድ ብቻ ሆነች። በመጨረሻ 122 አገሮች ሲደግፉ ብቸኛው ተቃውሞ የእሷ ነበር፤ ሲንጋፖር ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። የፓርላማው ግፊት መንግሥትን ከጠረጴዛው አደረሰው እንጂ እጁን አላስነሳውም። ቀጣዩ ዘመቻ ከመገኘት አልፎ፣ መንግሥት የትኛው አንቀጽ ቢሻሻል እንደሚቀበል አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ መጠየቅ ነበረበት።

መንግሥታት ስምምነቱ ከኔቶ ግዴታ ጋር ይጋጫል ይላሉ። የ1949ኙ የዋሽንግተን ውል ግን ኒውክሌር የሚል ቃል የለበትም። እርግጥ ክልከላው መርዳትንና ማበረታታትንም ስለሚጨምር፣ የፈረመ አባል ከኔቶ የኒውክሌር ዕቅድ መውጣት ይኖርበታል። ይህን ደብቆ መከራከር አያዋጣም፤ የመጀመሪያው ጠንቃቃ ባለሥልጣን ያፈርሰዋል። ፈረንሳይ አባላት ስለ ኒውክሌር ፖሊሲ የሚመክሩበት የኅብረቱ የኒውክሌር ዕቅድ ቡድን አባል ሳትሆን በኔቶ እንዳለች ማስታወስ ግን ይቻላል። ቀለል ያለው ጥያቄ ታዛቢነት ነው፤ ጀርመን፣ ኖርዌይ፣ ቤልጅየምና ኔዘርላንድ በሰኔ 2022 ቪየና ላይ በተካሄደው የስምምነቱ አባል አገሮች ስብሰባ፣ ስምምነቱን ሳይፈርሙ በታዛቢነት ተቀምጠዋል።

ደብዳቤው ለማን ይጻፍ? ብዙ ማኅበራት የሚያንኳኩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ነው። በዕቅድ ቡድኑ የሚሰበሰቡት ግን የመከላከያ ሚኒስትሮች ናቸው። የምክር ቤት አባል «ቦምብ አለን ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ «አናረጋግጥም፣ አናስተባብልምም» ከመባል አያልፍም። ሰነድ ያለውን መጠየቅ ይሻላል፦ ስንት አውሮፕላን ኒውክሌር ለመሸከም ይዘጋጃል? የጦር ሰፈሩ እድሳት በየትኛው በጀት ተይዟል? የአብራሪዎቹ ሥልጠና ወጪ ስንት ነው? ጊዜውም ወሳኝ ነው። የጀርመን ፓርላማ የበጀት ኮሚቴ ኒውክሌር ቦምብ መሸከም ለሚችሉ 35 ኤፍ-35 የጦር አውሮፕላኖች 10 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ያጸደቀው በታኅሣሥ 2022 ነው። ግዥው ከተፈረመ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ፣ አውሮፕላኖቹ በሚያገለግሉባቸው አሥርት ዓመታት ሁሉ «ተከፍሎበታል» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ከሰላምታ ጋር